የአባቴ ግራ ክንድ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ካሉት የፕላስቲክ ዕቃ መደብሮች አንዱ ገባሁ። ለልደቱ አሻንጉሊት ልገዛለት ቃል ገብቼ ነበር። በልቤ ኳስ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ኳስ ቢፈነዳ እንኳ ማንንም አያስቆጣም። እሱ ግን ከጣሪያው በሲባጎ ተንጠልጥለው ከሚወዛወዙት መሐል አንዱን ጠቆመ። ጭምብል ያጠለቀ፣ ቀይ ካባ የደረበ፣ ደረቱ ላይ መብረቅ የተሳለበት ጀግና ነው። ባለሱቁ፣ ጺሙ ገና በቅጡ ያልሞላ ወጣት፣ በረጅም እንጨት አውርዶ አቀበለኝ።

«ይሄ ኦሪጅናል ነው ማዘር» አለኝ። «ፈቃድ ያለው ነው። እግሩ ሥር ስቲከሩን ይዩት።»

አየሁት። የሚያብለጨልጭ ክብ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከዚያ ዓይኔ ወደ ክንዱ ሄደ። ግራ ክንዱ የሚወረውረው ነገር ያለ ይመስል ከትከሻው በላይ ተነስቷል፤ ትንሿ ጣቱ ደግሞ ወደ መዳፉ ተቆልምማለች። ደሜ ፈላ። ሰው የሞተ አባቱን በሕልሙ ያያል። እኔ የኔን ሆሳዕና ከተማ መናኸሪያ፣ ካባ ለብሶ፣ በሲባጎ ተሰቅሎ አየሁት።

ነገሩ የቆየ ነው። ሞባይል የሚባል ነገር ገና ወደ ከተማችን አልደረሰም ነበር። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ አጥቼ ቤት የተቀመጥኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ከሰፈር ልጆች ጋር ማህበር አቋቁመን፣ ከገበያው ጀርባ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይተን የእንጨት ሥራ እንሠራለን። በርጩማ፣ ማበጠሪያ፣ ሙቀጫ። ሁሉም ሰው ቤቱ ያለው ነገር ስለነበር ማንም አይገዛንም። ከመሐላችን እጁ የተባረከው ማቴዎስ ነበር፤ ዝም ያለ፣ ሲስቅ አፉን በክንዱ የሚሸፍን ልጅ። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ እገጣጥማለሁ።

አባቴ ሄራሞ ፈረሰኛ ነበር። መስከረም ላይ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲደርስ፣ ዝናቡ ለቆ የመንገዱ ጭቃ መጠጠር ሲጀምር፣ በየቤቱ የተነጠረ ቅቤ ሽታ አየሩን ሲሞላው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ፈረሰኞች ለጉግስ ይሰበሰባሉ። አባቴ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን ዘንጉን በግራ እጁ ስለሚወረውር መከላከል የለመዱት በየትኛው በኩል እንደሚመጣባቸው አያውቁም። ግራነቱን በልጅነቱ ሊያስተዉት ያልሞከረ የለም። አያቴ እጁን በገመድ ታስር ነበር አሉ፤ መምህሩ ጣቶቹን በአርጩሜ ይገርፍ ነበር። ትንሿን ጣቱን ግን የቆለመማት ፈረስ ነው።

በአንዱ ያሆዴ ማቴዎስ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ዋለ። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ በመንገዱ ላይ ግራ ክንዱን ደጋግሞ ያነሳ ነበር። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ዴታሞን ከፊት አድርገው፣ ቤታችን መጡ።

እኛ አገር ወጣት ወንድ ልጃገረድ ወዳለችበት ቤት ሽማግሌ ከላከ ጉዳዩ አንድ ነው። እናቴ ጓዳ ውስጥ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ማቴዎስ ነው የላካቸው? እሱ እንኳ ምንም የለው፣ ግን ሥራ ያውቃል» እያለች ታንሾካሹካለች። ያላትን ቅቤ ሁሉ አወጣች። በቅቤ የራሰው የበዓል ምግብ፣ አታካና፣ ቀረበ፤ ሽማግሌዎቹ በሉ፣ ጸለዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጣነው» አሉ ጋሽ ዴታሞ «ልጃችን ማቴዎስ አንድ ነገር ወድዶ፣ ሳያስፈቅድ መንካት ፈርቶ ነው።»

«ምን ወደደ?» አለ አባቴ፣ ወደ ጓዳው በር እያየ።

«ያንተን መልክ።»

 እናቴ ክንዴን ለቀቀችኝ። ማቴዎስ አባቴን በእንጨት ቀርጾ፣ ክንዱና እግሩ የሚንቀሳቀስ የልጆች መጫወቻ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። የሰው ፊት የሰው ነው፣ ዝም ተብሎ አይወሰድም ብሎ አሰበ። ለዚህ የሚሆን ሌላ ወግ ስለማያውቅ፣ የሚያውቀውን ትልቁን ወግ ተጠቀመ። አባቴ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ ሁለት ነገር ተናገረ። በሀድይኛ ነበር የተናገረው፤ እኔ እንደሚሆን አድርጌ በአማርኛ ልጻፈው።

«ቀኝ እንዳታደርጉኝ። ስንት ዱላ የበላሁበት እጅ ነው። ቀኝ ካደረጋችሁኝ ሌላ ሰው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሌላው፣ ልጅ እጅ ላይ እንዳልሰበር። አባት ልጅ እጅ ላይ አይሰበርም።»

እናቴ ለብዙ ቀን አኮረፈች። «ለፊት ሽማግሌ ይላካል?» ትል ነበር ብቻዋን፣ ድስት እያማሰለች።

የመጀመሪያው ቃል ቀላል ነበር፤ ሁለተኛው አሳራችንን አበላን። ከትከሻው የማይነቀል ክንድ መሥራት እንዲህ ከባድ መሆኑን ማን ያውቃል? በሚስማር ብንመታው ተሰነጠቀ፣ በሙጫ ብንይዘው አልንቀሳቀስ አለ። በመጨረሻ ማቴዎስ የክንዱን ራስ እንደ ሽንኩርት አድርጎ አድቦልቡሎ፣ ትከሻው ላይ ልክ የሚያህለውን ጉድጓድ ፈለፈለ፤ እኔ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የቆረጥኩትን ላስቲክ በውስጡ አሳልፌ ከወዲያኛው ክንድ ጋር ወጥሬ አሰርኩት። ቢጎትቱት ይመለሳል፣ ቢጠመዝዙት ይዞራል። ቀለም ቀብተነው ነበር፤ የጎረቤት ሕፃን አፉ ውስጥ ከትቶ ምራቁ ቀይ ሆኖ ሲወጣ ባየሁ ጊዜ ቀለሙን ሁሉ አስፍቄ እንጨቱን በሰም ብቻ ማሸት ጀመርኩ። ማንም አላዘዘንም። የጥራት መርማሪ የሚባል ሰው አልመጣብንም። አባቴ ቃል አስገብቶናል፤ በቃ።

ፈረሰኛው ተወደደ። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርጩማውን ትተው እሱን ይጠይቁን ጀመር። ወደ ሞርሲቶ ከተማ ወሰድነው፤ አዲሎም ወሰድነው። አዲሎ አውቶቡስ የሚቆምበት መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ከሚሸጡት ሴቶች መሐል ቆሜ በመስኮት አቀብል ነበር። አንድ ቀን ከቤት መኪና የወረደ፣ የተወለወለ ጫማ ያደረገ ሰው አንዱን አንስቶ ክንዱን ጎተተ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ጎተተ። ብርሃኑ እባላለሁ አለኝ፤ አዲስ አበባ አሻንጉሊት ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ነው።

ይህ ሰው ቤታችን መጣ። ክትፎ በቆጮ በላ። አባቴን ከፊቱ አስቀምጦ፣ አሻንጉሊቱን በእጁ ይዞ አንዴ እሱን አንዴ ያንን እያየ አደነቀ። ይሄ ነገር በብዛት ቢሠራ አገር ያዳርሳል፣ እኔ ገበያውን አመጣለሁ፣ እናንተ ትሠራላችሁ አለ። ናሙና ብሎ ፈረሰኞቻችንን ይዞ ሄደ። ማቴዎስ በዚያ ሰሞን የዋንዛ ግንድ በብድር አስጭኖ አስመጣ። ጠበቅን። በጋው አለፈ፣ ክረምቱ ገባ፣ ግንዱ ደጃችን ላይ ሻገተ።

ከዓመት በኋላ አዲሎ ላይ አንዲት ሕፃን እናቷ ጀርባ ላይ ሆና ስታለቅስ አየሁ። በአንድ እጇ የፕላስቲክ ሰውዬ፣ በሌላው የሰውዬውን ክንድ ይዛለች። ጠጋ ብዬ አየሁት። ግራ ክንድ ነው። ትንሿ ጣት ተቆልምማለች። ዞር ስል መንገድ ዳር አንድ ሻጭ በገመድ ሰክቶ ደርዘን ሙሉ አባቴን አንጠልጥሏል። ገዛሁና ወደ ቤት ወሰድኩት። የማቴዎስ ቢላ የሠራውን እያንዳንዱን መስመር፣ የትከሻውን ጉድጓድ ሳይቀር፣ ቀድተውታል፤ የኔን ላስቲክ ብቻ አልቀዱም። ክንዱ በአንዲት ቀጭን ፕላስቲክ ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ተሰክቷል፤ ልጅ ሁለት ጊዜ ካነሳው ይወልቃል። ሲያሸቱት የሚያቅለሸልሽ ነው፤ ቀለሙም በጥፍር ይነሳል። ይህን ያደረገው ሰው የእናቴን ክትፎ የበላ ሰው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እሱ አጥሩን ብቻ አይደለም የነቀነቀው።

አባቴ የተሰበረውን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው። «ልጅ እጅ ላይ ሰበሩኝ» አለ። 

መክሰስ ትችላላችሁ የሚለን ሰው ተገኘ፤ አዲስ አበባ ድረስ ወሬው ደረሰ መሰለኝ፣ አቶ ብርሃኑ ራሱ መጣ። እንዴት እንደመጣ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ጠበቃ ይዞ ቢመጣ እናባርረው ነበር። እሱ ግን ሙክት ይዞ፣ የራሳችንን ሽማግሌዎች፣ እነዚያኑ ጋሽ ዴታሞን ከፊት አስቀድሞ መጣ። በራችን ላይ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ነካ። «አጥፍቻለሁ፣ ሳላስፈቅድ ሠርቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። እንባም ነበረው፤ ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ።

በሽማግሌ የመጣን ሰው አባቴ መልሶ አያውቅም። የማህበራችን ልጆች በሙሉ በሩ ላይ ቆመናል። ማቴዎስ መሬት መሬት ያያል። እኔ ዝም ማለት አቃተኝ።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ መሥራቱን ያቆማል ወይ? እሱን ጠይቀው።»

ጋሽ ዴታሞ ዞር ብለው አዩኝ። «ዘነቡ፣ በዕርቅ ላይ ሂሳብ አይጠየቅም። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል።»

አባቴም በእጁ ዝም በይ አለኝ። ከዚያ ተነሳና ሰውዬውን መረቀው። «ጌታ ይባርክህ። ያሰብከው ይሙላልህ። እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ።» አሜን ተባለ። ሙክቱ ታረደ። እኔ ከዚያ ሥጋ አልቀመስኩም፤ ጓሮ ወጥቼ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጬ በንዴት ጥርሴን አፋጨሁ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ጥሪ መጣልን። አቶ ብርሃኑ የፈረሰኛውን መልክ በራሱ ስም አስመዝግቦታል። ስለዚህ ሕገወጥ ቅጂ የምንሠራው እኛ ነን። ወይ ከእሱ ፈቃድ እንድናመጣ፣ ወይ እንድናቆም ታዘዝን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ አብሮን ሄደ። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አሻንጉሊቱ ቆሟል። አባቴ ከጎኑ ቆመ፤ ግራ ክንዱን አነሳ፤ የተቆለመመችውን ጣት አሳየ። በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አንዴ ፕላስቲኩን አንዴ ሰውዬውን አየ። ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«መመሳሰሉን ማንም አይክድም» አለ የአቶ ብርሃኑ ወኪል፣ ተዝናንቶ። «ደንበኛዬም አልካዱም። ይቅርታ ጠይቀው፣ በሽማግሌ ፊት ተፈቅዶላቸዋል። ‹ያሰብከው ይሙላ፣ እጅህ የነካው ይባረክ› ብለዋቸዋል። ሽማግሌዎቹ ይጠየቁ።»

ጋሽ ዴታሞ ተጠየቁ። እኒያ ሰውዬ ሞተው እንኳ አይዋሹም። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ብሏል» አሉ። «መርቆታል። እኔው ነኝ የሰማሁት።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውዬው በር ላይ ሲንበረከክ ይቅርታ ሊወስድ አልነበረም፤ ምስክር ሊሰበስብ ነበር። የኛን ጨዋነት አጥንቶ፣ በዕርቅ ላይ ማንም ስለ ነገ እንደማይጠይቅ አውቆ፣ በአንድ ሙክት ፈቃድ ገዛ። ማቴዎስ ምስኪኑ ለአንድ የእንጨት ፊት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ይኼኛውም ያንኑ ወግ ተጠቀመበት። ልዩነቱን የትኛው ወረቀት ላይ ትጽፈዋለህ?

አባቴ አማርኛው ብዙም አይደለም፤ ሲናደድ ደግሞ የባሰውን ይጠፋበታል። ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየመረጠ ለኃላፊው ነገረው።

«እኔ ይቅር ያልሁት ያለፈውን ነው። የሚመጣውን አልሰጠሁትም።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል። አቀርቅሮ ብዕሩን ነካካ። «አባቴ፣ ገብቶኛል። ግን ፋይሉ የሚለው ይህን ነው» አለ። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጥተው ያለቁትን ፈረሰኞች በጆንያ ወሰዱ። ያልተገጣጠሙ ክንዶች ቀርተው ነበር፤ ክንድ ብቻውን ማንንም ስለማይመስል ተዉልን።

ማህበሩ ተበተነ። ማቴዎስ እንደ አካባቢያችን ወጣት ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ወረደ። ሊሄድ ሲል የተረፉትን ግራ ክንዶች በብስኩት ቆርቆሮ አድርጎ ሰጠኝ። «ቀኞቹን አንድደናቸዋል» አለኝ። አሁን እዚያ ሱቅ አለው፣ ይደውላል። ቢላ ይዞ እንደሆነ ጠይቄው ነበር፤ ዳቦ የምቆርጥበት አለኝ አለኝ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ያኔ አንቺን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ እኔን ማንም በሙክት አይወስደኝም ነበር።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ያሆዴ ላይ ግን ዘንግ አልወረወረም። ከተማው በፕላስቲኩ ተሞላ። ቦይ ውስጥ፣ አቧራ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር የወለቀ ግራ ክንድ ወድቆ ይገኛል። አባቴ ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ያነሳና ኪሱ ይከታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «እጄን ሰው ሲረግጠው ደስ አይለኝም» አለኝ። ሲሞት ኮቱን ያጣጠፍኩት እኔ ነኝ። ኪሱ ውስጥ የነበረውን አልናገርም።

ፕላስቲኩስ? አልሞተም። ያው ቅርጽ እየተደጋገመ በየዘመኑ ልብስ ቀየረ። አንድ ሰሞን ፖሊስ ሆነ፤ አንድ ሰሞን የኳስ ተጫዋች ማልያ ለበሰ፤ አሁን ደግሞ ካባና ጭምብል አጠለቁለት። ከላዩ የተሳለው ጀግና ባለቤት እንዳለው፣ ያ ስቲከርም ሐሰት እንደሆነ አልጠራጠርም። ከሌባ ተሰርቆ ከሌላ በተሰረቀ ልብስ ተሸፍኖ «ኦሪጅናል» ተብሎ ይሸጥልኛል።

እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ይህን ሁሉ ሳስብ ወጣቱ ባለሱቅ ዝምታዬ ቅሬታ መሰለው።

«ክንዱን አይተው ነው አይደል ማዘር? እውነትዎን ነው፣ ስህተት አለበት። የፋብሪካ ስህተት ነው፣ ግራ አድርገውታል። ትንሽ ቢጠብቁ አዲሱ እየገባ ነው። እሱ ላይ ተስተካክሏል፣ ቀኝ ሆኗል።»

ምን ብዬ እንደጮህኩበት በደንብ አላስታውስም። ልጄ፣ ስህተት ያልከው አባቴ ነው ማለቴን አስታውሳለሁ። በልጅነቱ በገመድ አስረው ያላሸነፉት እጅ ነው ማለቴንም። ወጣቱ ሁለት እጁን አንስቶ «እኔ ምን አውቃለሁ ማዘር፣ የመጣልኝን ነው የምሸጠው» አለ። እውነቱን ነው። ሁሉም የመጣለትን ነው የሚሸጠው፤ ኃላፊውም የመጣለትን ፋይል ነው ያነበበው። የልጅ ልጄ ቀሚሴን ይዞ ሊያለቅስ ደርሷል። ከፈልኩና ይዤው ወጣሁ። የአባቴን መልክ በገንዘቤ ገዛሁ።

ምሳ ሳይቀርብ ልጁ አሻንጉሊቱን በአንድ እጁ፣ ክንዱን በሌላው ይዞ መጣ። «እማማ፣ ተሰበረ።»

የብስኩቱን ቆርቆሮ ከቁም ሳጥኑ ሥር አወጣሁ። የዋንዛው ሽታ ባይኖርም ሰሙ ገና አለ፤ በጣት ሲነካ ይለሰልሳል። አንዱን ክንድ መርጬ ላስቲክ አሰርኩበትና ወደ ፕላስቲኩ ትከሻ አስጠጋሁት። ቢላ ያስፈልገኛል ብዬ አዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገኝም። የማቴዎስ ድቡልቡል ራስ በዚያ የፋብሪካ ጉድጓድ ውስጥ ሳይላላ ሳይጠብቅ ቁጭ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት፣ ይህን ሁሉ ፖሊስና ኳስ ተጫዋች አልፎ፣ ጉድጓዱ የማን ክንድ እንደጎደለው አልረሳም። ሊያነቡት የሚችሉት ምስክር ይኸው ነበር፤ አንብቦት የሚፈርድልኝ ግን የለም። ወኪሉ ቢያየኝ አሁንም ሕገወጥ ሥራ እየሠራሽ ነው ይለኝ ነበር። ይበል። ማንንም አላስፈቀድኩም፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ፈቃዱን ሰጥቶናል፣ የጠየቀንን ሁለቱንም ቃል አክብረናል።

ላስቲኩን ወጥሬ ከቀኙ የፕላስቲክ ክንድ ጋር ቋጠርኩና ካባውን ገፍፌ ለልጁ ሰጠሁት። ክንዱን ጎተተ፣ ተመለሰ። ጠመዘዘው፣ ዞረ። ከጠረጴዛው ላይ ወረወረው፣ ሮጦ አነሳው፣ አልተነቀለም። ከዚያ ጠጋ አለኝና ሁለቱን ክንዶች አስተያየ።

«እማማ፣ ይሄኛው እጁ ለምን እንጨት ሆነ?»

«ይሄኛው የራሱ ስለሆነ ነው» አልኩት።